መርከብ ላይ ጋቢናው የት ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲያትል ነው። ለጉብኝት ከአዲስ አበባ የመጣችውን የ68 ዓመት እናቴን በጁን አጋማሽ ለ7 ቀን በመርከብ አላስካን ላሳያት አስቤአለሁ። እናቴን መኪና ያጥወለውላታል፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ከሹፌሩ ጀርባ ካልተቀመጠች ዓባይ በረሃን አትዘልቀውም። ስለዚህ መርከቡ ላይም ከፊት፣ ወደፊት የሚያይ በረንዳ ያለው ክፍል ልይዝላት ነው። ‹ፎርዋርድ ባልኮኒ› የሚል አግኝቻለሁ፤ መሀል ካለው ተመሳሳይ ክፍል 300 ዶላር ይረክሳል። መርከቡ አዲስ ስለሆነ ማረጋጊያ አለው፣ አይንቀሳቀስም ብለውኛል። በረንዳው ላይ ቡናዋን እያፈላች በረዶውን እንድታይ ነው ምኞቴ። ልክ ነኝ?»

አይደሉም። ገና ካልከፈሉበት ይተዉት፤ ከፍለውም ከሆነ ክፍሉን ያስቀይሩ።

ስለ ፊት ወንበር ያሉት በአውቶቡስ ልክ ነው። የአውቶቡስ የኋላ ወንበር የሚያንገጫግጨው ከኋላ ጎማው አልፎ ስለተንጠለጠለ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ከጎማው ወዲያ ያለው ሁሉ ይወረወራል። ፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ መንገዱን ያያል። ጠመዝማዛው ሳይደርስ ሰውነቱ ይዘጋጃል፤ ዓይኑ የሚያየውና ጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ የሚሰማው ነገር አይጣረስም። መርከብ ግን ጎማ የለውም። ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ረጅም ሳንቃ አድርገው ያስቡት። ማዕበል ከፊት ሲመጣ አፍንጫው ይነሣል፣ ኋላው ይወርዳል፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። መሀል ያለው ሰው ብዙም አይሰማውም። ጫፍና ጫፍ ያሉት ግን ሁለቱም የኋላ ወንበር ላይ ናቸው። መርከብ ላይ ጋቢናው መሀሉ ነው።

በቁጥር ላሳይዎት። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚመላለሱት ትልልቅ መርከቦች ርዝመታቸው 300 ሜትር ገደማ ነው፤ ኖርዌጂያን ብሊስ 333 ሜትር ትደርሳለች። የፊቱ ክፍል ከመሀሉ 120 ሜትር ይርቃል እንበል። መርከቡ አፍንጫውን 1 ዲግሪ ብቻ ሲያነሣ ያ ክፍል 2 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ 1 ዲግሪ ሲደፋ ደግሞ 2 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሜትር ሆነ፤ ከአንድ ፎቅ ቁመት በላይ ማለት ነው። መሀል ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ሰው ይህችን 1 ዲግሪ ላያስተውላትም ይችላል። እናትዎ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ በሚያድር ሊፍት ውስጥ ተኙ ማለት ነው። ሆድ የሚያገላብጠው ደግሞ ፈጣኑ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ በየ5 ወይም በየ6 ሰከንዱ አንዴ ከፍ ዝቅ የሚለው ቀርፋፋ እንቅስቃሴ ከሁሉ የከፋ መሆኑ በሙከራ ተረጋግጧል። የትልቅ መርከብ ከፍ ዝቅ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

እርግጥ ነው፣ አድማሱን ማየት ማጥወልወልን ያስታግሳል። እዚህ ላይ የእናትዎ ልማድ ልክ ነው። ነገር ግን አድማስ ለማየት ወደፊት ማየት ግድ አይደለም፤ የጎን በረንዳም አድማሱን ያሳያል። ተኝተው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ደግሞ ወደፊት የሚያየው በረንዳ አይረዳቸውም። ያን ጊዜ የሚቆጠረው አልጋው ከመርከቡ ወገብ ምን ያህል እንደራቀ ነው።

ስለ ማረጋጊያው የነገሩዎት ሰዎች ግማሹን እውነት ተናግረዋል። ማረጋጊያ የሚባለው ከመርከቡ ሆድ በግራና በቀኝ፣ ከውኃ በታች የሚዘረጋ ክንፍ ነው። ማዕበል መርከቡን ወደ ጎን ሲገፋው ክንፉ እየተጣመመ መልሶ ያቃናዋል፤ በዚህ ሥራው እጅግ ጎበዝ ነው። አፍንጫና ኋላ ከፍ ዝቅ ለሚሉበት እንቅስቃሴ ግን ከቁጥር የሚገባ ጥቅም የለውም። 300 ሜትር የሚረዝምን ነገር ወገቡ ላይ በተሰካ ክንፍ አፍንጫውን ይዞ ማቆም አይቻልም። እንግዲህ ማረጋጊያው ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ የሚቀረው እንቅስቃሴ እርስዎ ወደመረጡት ቦታ የሚሄደው ነው።

የመነሻ ወደቡም ነገር አለ። የአላስካ ጉዞ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በተራሮች መሀል፣ እንደ ሐይቅ በረጋ ውኃ መንሸራሸር ነው። ከቫንኩቨር ለሚነሣ መርከብ ይህ በአብዛኛው እውነት ነው፤ በቫንኩቨር ደሴትና በካናዳ ዋና ምድር መካከል፣ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ደሴት ተከልሎ ይሄዳል። ከሲያትል የሚነሡት ግን አብዛኞቹ በሁዋን ዴ ፉካ መተላለፊያ ወጥተው ደሴቱን በስተምዕራብ፣ በገላጣው ፓስፊክ በኩል ያልፉታል። ሲሄዱም ሲመለሱም እንደዚያው ነው። ጁን ማዕበሉ ከሴፕቴምበር ይሻላል፤ የውቅያኖሱ ረጅም ሞገድ ግን በጸጥታ ቀንም አይጠፋም።

ወደ ክፍሉ ስም እንምጣ። «ፎርዋርድ ባልኮኒ» ማለት ወደፊት የሚያይ በረንዳ ማለት አይደለም። ኩባንያዎቹ መርከቡን ከፊት ወደ ኋላ ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፤ ፊተኛው ፎርዋርድ፣ መሀሉ ሚድሺፕ፣ ኋላው አፍት ይባላል። ቃሉ የሚነግርዎት ክፍሉ የት እንዳለ ነው፤ በረንዳው ወዴት እንደሚያይ አይናገርም። እርስዎ ያገኙት ክፍል በረንዳው እንደ ማንኛውም ክፍል ወደ ጎን የሚከፈት ለመሆኑ ብዙም አልጠራጠርም። 300 ዶላር የረከሰውም ችሮታ ሆኖ አይደለም፤ ነገሩን የሚያውቁ ተጓዦች ስለሚሸሹት ነው። ይባስ ብሎ ክፍሉ ብሪጅ ከሚባለው የካፒቴኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ወዲያው ጀርባ ላይ ሊሆን ይችላል። ብሪጁ በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ ከመርከቡ ጎን ወጣ ያለ ነው። ወደፊት ለማየት አንገትዎን ቢያሰግጉ የሚጠብቅዎት ነጭ ብረት ነው።

በእውነት ወደፊት የሚያይ ባለ በረንዳ ክፍል የለም ወይ? አለ። ጥቂት ነው፣ ውድም ነው። ኖርዌጂያን የተባለው የመርከብ ኩባንያ ሄቨን በሚለው የተከለለ የቅንጡ ክፍሎች ሠፈር ውስጥ፣ በአንዳንድ መርከቦቹ ላይ፣ ፊት ለፊት የሚያዩ አሉት። ኦሺንያ በማሪናና በሪቪዬራ መርከቦቹ ላይ ቪስታ ስዊት የሚላቸው ሰፋፊ የቅንጡ ክፍሎች የመርከቡን አፍንጫ ቁልቁል ያያሉ። የቫይኪንግ ኤክስፕሎረር ስዊቶችም አሉ፤ አንዳንዶቹ በረንዳቸው ጥጉን ዞሮ ይሄዳል። ሮያል ካሪቢያን በአንዳንድ መርከቦቹ ፓኖራሚክ ብሎ የሚሸጣቸው ክፍሎች ከወለል እስከ ጣሪያ በመስታወት ፊት ለፊት ያሳያሉ፤ በረንዳ ግን የላቸውም። የመርከብ ሠሪዎቹ ለእነዚህ በረንዳ የነፈጉት በስስት አይመስለኝም።

ዋናው ምክንያት ነፋስ ነው። መርከብ በ20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ አየሩ ጸጥ ቢል እንኳ ፊት ያለው በረንዳ ላይ 37 ኪሎ ሜትር ነፋስ አለ። ከወዲያ በኩል 15 ኖት ነፋስ ከመጣ ድምሩ 65 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጦ ደብረ ብርሃን እንደመሄድ ነው። በጁን አጋማሽ በዚያ አካባቢ የቀኑ ሙቀት 15 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ እናትዎ ጋቢ ደርበውም 10 ደቂቃ የሚቆዩበት አይመስለኝም፤ ነጠላ ከሆነማ ካናዳ ነው የሚገኘው። ነፋሱ ሲበረታ ሠራተኞቹ የፊቱን በረንዳዎች ያዘጋሉ፤ ውድ የከፈሉበት ነገር ተቆልፎ በመስታወት ያዩታል። በአንዳንድ መርከቦች ላይ ደግሞ የፊቱ በረንዳ መከለያ በነፋሱ ምክንያት መስታወት ሳይሆን ድፍን ብረት ነው፤ ቆመው ካልሆነ በቀር ተቀምጠው ባሕሩን አያዩም።

በነገራችን ላይ ይህ ለጎን በረንዳም ይሠራል፦ የበረንዳው በር ክፍት ሳለ የኮሪደሩን በር ማንም አይክፈት። ነፋሱ ክፍሉን ቧንቧ አድርጎት ያልፍና ከባዱን በር በኃይል ይጠረቅመዋል። ጣት የሚቆረጠው እንደዚያ ነው። ለእናትዎ አስቀድመው ያሳዩአቸው።

ማታ ሌላ ደንብ አለ። ብሪጁ ላይ የቆመው መኮንን የሚያየው ጨለማውን ነው፤ ከሥሩ ወይም ከአጠገቡ የሚወጣ የክፍል መብራት ዓይኑን ያደናግረዋል። ሌሊት ሲነዱ መኪና ውስጥ መብራት ሲበራ የፊት መስታወቱ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። ስለዚህ ወደፊት የሚያዩ ክፍሎች ሲመሽ መጋረጃቸውን እንዲዘጉ ይታዘዛሉ። እርስዎ በሚሄዱበት ወቅት ይህ ብዙ አይጎዳም፤ በጁን አጋማሽ ጁኖ ከተማ ላይ ቀኑ 18 ሰዓት ይረዝማል፣ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ነው። ጥሩምባው ግን አይቀርልዎትም። ጭጋግ ሲወርድ ዓለም አቀፉ የባሕር ደንብ ተጓዥ መርከብ ቢበዛ በየ2 ደቂቃው አንድ ረጅም ጥሩምባ እንዲነፋ ያስገድዳል፤ አንዱ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ይቆያል። ጭጋጉ እስኪገፈፍ ሌሊትም ሆነ ቀን አይቋረጥም። ጎህ ሲቀድ ወደብ ሲጠጉ ደግሞ መርከቡን ወደ ጎን የሚገፉት ሞተሮች ከፊት፣ ከውኃው በታች ያጓራሉ፤ መልሕቅ ከተጣለ ሰንሰለቱ የሚወርደው እዚያው አጠገብ ነው።

የመጡበት ዋና ጉዳይ በረዶው ነው፤ እዚያም ላይ የፊት በረንዳ ያስቀይምዎታል። ግላሲየር ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ በ1794 ካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር በአካባቢው ሲያልፍ ከአፉ ጀምሮ በበረዶ የተሞላ ነበር። ዛሬ በረዶው ስላፈገፈገ መርከቦች 105 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ዘልቀው ማርጀሪ ከሚባለው ግግር በረዶ ፊት ይቆማሉ። የፊቱ ስፋት 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር በቀን ከሁለት ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች በላይ አያስገባም። ታዲያ መርከቡ እዚያ ሲደርስ ጎኑን ለበረዶው ሰጥቶ ይቆማል፤ ቀጥሎ ቀስ ብሎ ይዞርና ሌላውን ጎኑን ይሰጣል። በግራም በቀኝም በረንዳ ያለው ሰው ተራው ሲደርስ በረዶው ተገምሶ ባሕር ሲገባ ከወንበሩ ሳይነሣ ያያል። ወደፊት ብቻ የሚያየው ሰው በዚያ ምርጥ ሰዓት አንድ ተራራ እያየ ነው።

የፊቱን እይታ ደግሞ ማንም ተሳፋሪ በነጻ ያገኘዋል። ኖርዌጂያን ብሊስ 15ኛው ፎቅ ላይ ከፊት ትልቅ መስታወታም የመመልከቻ ሳሎን አላት። ሆላንድ አሜሪካ የተባለው ኩባንያ ክሮውስ ኔስት የሚለው ሳሎንም ከፊት ከላይ ነው። ሆላንድ አሜሪካ ግላሲየር ቤይ ሲገባ አፍንጫውን ራሱን ለተሳፋሪ ይከፍትና ትኩስ የአተር ሾርባ ያድላል፤ የቆየ ልማዱ ነው። ይህ ሁሉ ሰው የሚቆመው ደግሞ ወደፊት የሚያየው ክፍል መስኮት ሥር ነው። ከሲያትል የሚነሣ መርከብ ሁሉ ግላሲየር ቤይ እንደማይገባ ግን ይወቁ። በጉዞው መርሐ ግብር ላይ ስሙ ተጽፎ ካላዩ «አላስካ ነው እኮ» ብለው አይለፉት።

የቡናውን ነገር ስነግርዎት እንደማዝን ይወቁልኝ። ከሰልም፣ ዕጣንም፣ ሻማም ወደ መርከብ አይገባም። መርከብ ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳት ነው። የኤሌክትሪክ ጀበናና ምድጃም ስለሚያሞቁ ሻንጣ ሲፈተሽ ይወሰዳሉ፤ እስከ መጨረሻው ቀን አያዩአቸውም። ቤት የተቆላና የተወቀጠ ቡና ይዘው ገብተው ከምግብ አዳራሹ ትኩስ ውኃ መጠየቅ ይችላሉ። ጀበናውን ለዓይን ብቻ ካልሆነ አይሸከሙት።

ፊት የሚያይ ክፍል ለማን ይሁን ካሉኝ፣ ባሕር የማይነካው ሆድ ላለው፣ ለስዊት የሚከፍል ገንዘብ ለተረፈው፣ እንደ ኖርዌይ ፊዮርዶች ባለ የተከለለ ውኃ ላይ መርከቡ ዝግ ብሎ ለሚሄድበት ጉዞ ነው። ከፍሎሪዳ ወደ ምሥራቃዊ ካሪቢያን ለሚሄድ ሰው እንኳ አልመክረውም፤ የዚያ አገር ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ መርከቡ ሲሄድ ፊት ለፊት ይጋጠመዋል።

እርስዎ የሚይዙት ይህንን ነው፦ መሀል፣ የጎን በረንዳ፣ በረንዳ ካላቸው ፎቆች ዝቅ ካሉት በአንዱ፣ ለሊፍት ቅርብ የሆነ ክፍል። ዝቅ ማለቱ ወደ ጎን መወላወሉንም ይቀንስልዎታል። ለሊፍት መቅረቡ ተራ ነገር አይምሰልዎት፤ በ300 ሜትር መርከብ ላይ ከፊት ክፍል ተነሥቶ ኋላ ካለው የምግብ አዳራሽ በቀን ሦስት ጊዜ መመላለስ ለ68 ዓመት ጉልበት ቀላል አይደለም። የመርከቡን የፎቆች ፕላን ከፍተው ከክፍሉ በላይም በታችም የመኝታ ክፍል መኖሩን ይመልከቱ። ከላይ ስፖርት ቤት ካለ በማለዳ የሚሮጥ ሰው ይቀሰቅስዎታል፤ ከታች ቲያትር ካለ ማታ ከበሮው አይለቅዎትም። የሕይወት አድን ጀልባዎቹ እይታውን እንዳይጋርዱትም ያጣሩ። ክፍሉን በቁጥሩ ይያዙ። ጋራንቲ የሚሉትን፣ ኩባንያው ከተረፈው የሚመድብልዎትን ርካሽ ዋጋ አይቀበሉ፤ ያ ዋጋ ፊት ጫፍ ላይ ሊጥልዎት ይችላል። መሀል በረንዳ ካለቀና ምርጫው የፊት በረንዳ ወይም መሀል ያለ ተራ መስኮት ከሆነ፣ ሳያመነቱ መስኮቱን ይውሰዱ። እናትዎ ቁርስ እንኳ የማያቆያቸው ዓይነት ሰው ከሆኑ ደግሞ ከሲያትል ይልቅ ቫንኩቨር ድረስ በመኪና ሄዶ መነሣቱ ድካሙን ይከፍላል፤ መንገዱ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ስለ መድኃኒት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የስኮፖላሚን ፕላስተር 3 ቀን ይሠራል፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ግን ግራ መጋባትና ድብታ ሊያመጣ ይችላል፣ አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም ላለበትም አይሆንም። ያለ ማዘዣ የሚሸጡት ድራማሚንና ቦኒንም እንቅልፍ ያስይዛሉ፤ ሌሊት መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ መውደቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ «ጎረቤቴ ወስዳ ተስማማት» በሚል አይስጧቸው። ዝንጅብል ሻይና ደረቅ ቆሎ ግን ይያዙ። ሆድ ባዶ መሆኑ ራሱ ማጥወልወሉን ያብሰዋል፤ እናቶቻችን ደግሞ «እንዳያስመልሰኝ» ብለው ጾማቸውን ይሳፈራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን የካናዳው ጉዳይ ነው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር የተመዘገበ መርከብ ከሲያትል ተሳፋሪ ጭኖ፣ በመሀል የውጭ ወደብ ሳይረግጥ፣ መልሶ ሲያትል እንዳያወርድ ይከለክላል። የአላስካ መርከቦች በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ ላይ ለጥቂት ሰዓት የሚቆሙት ለዚህ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንና የጸና ፓስፖርቱን ይዞ ያለ ካናዳ ቪዛ ያልፋል። እናትዎ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በጉብኝት ቪዛ ከመጡ የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ከመርከቡ ባይወርዱም ያለ ቪዛው ሲያትል ላይ እንዳይሳፈሩ ሊከለከሉ ይችላሉ። የአሜሪካ ቪዛቸው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ ከካናዳ ሲመለሱ በምን ሁኔታ እንደሚገቡ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ይጠይቁ። ሁለቱ መልስ እጅዎ ሳይገባ የማይመለስ ቀብድ አይክፈሉ።